ፓምፑ ላይ ብቻዋን

ስሟን ተዉትና «ሬዲዮ» በሏት፤ ቤተሰቡም ሆስፒታሉም የሚጠራት እንደዚያ ነው። ስሙን ያወጣላት መካኒኩ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ «ይቺ ልጅ ሲያጠፏትም ታወራለች» ብሎ። እሷም አልተቀየመችም። ለነገሩ የሰው ፊት አይቶ መሽኮርመም፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ጥፍር እየበሉ መሬት መሬቱን ማየት የሚባለውን ነገር ሲያድሉ ይቺ ልጅ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበረች መሰለኝ። አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር ፍርሃት ይረሳበታል፤ ምን ይደረጋል!

«ድፍረትሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል» ትላታለች እናቷ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምክር የምትሰጠው ክር በጥርሷ እየበጠሰች ነው።

«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም፣ እማዬ።»

«ጭስ እስኪወጣ ድረስ የቤቱን ሰው ዐይን ያስለቅሳል። እሱን ለምን አትጨምሪበትም?»

እንዲህ እየተባባሉ ኖሩ። ልጅቷ ነርስ ሆነች፤ ዋርድ ውስጥ ሰራች፤ ከዕለታት አንድ ቀን ደግሞ «ፐርፊዩዥኒስት ልሆን ነው» ብላ ቤት ገባች። እናት መቀሷን አስቀመጠች።

«ምን ልትሆኚ?»

«እማዬ፣ ሐኪሞቹ ልብ ከፍተው ሲጠግኑ ልቡ መቆም አለበት። የሚዘልል ነገር አይሰፋም፤ ይሄን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ልቡ ከቆመ ታዲያ ደሙን ማን ይግፋው? ማሽን ይገፋዋል። ደሙ በአንድ ቱቦ ከሰውየው ይወጣል፣ ማሽኑ ውስጥ ኦክስጅን ያገኛል፣ በሌላ ቱቦ ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ይመለሳል። ማሽኑን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«ሰውየውስ ይሄን ሁሉ እያየ ነው?»

«ተኝቶ ነው።»

«እንኳን ተኛ» አለች እናቷ።

ወንድሟ ነገሩን በራሱ መንገድ ገባው። «እኛ ጋራዥ ሞተር የምንፈታው መኪናውን አቁመን ነው። እናንተ ግን መኪናው እየሄደ ሞተሩን ታወርዳላችሁ ማለት ነው። ሞተሩ እስኪመለስ መኪናውን የምትገፊው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዳገት ላይ?»

«ዳገት ላይ።»

«በርቺ እንግዲህ» አለና እንጀራውን መጉረስ ቀጠለ።

ከሁሉ በላይ ያሳቃቸው ግን የስራው አነጋገር ነው። ሰርጅኑ «ጀምሪ» ሲል ፐርፊዩዥኒስቷ «ጀምሬያለሁ» ትላለች። «ቀንሺ» ሲላት «ቀንሻለሁ»። አንዱ ያለውን ሌላው ጮክ ብሎ መልሶ ካልተናገረ ማንም ምንም አልሰማም፤ ደንቡ ይሄ ነው። እናቷ ይሄን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሰው ያለውን ለመድገም ነው ይሄን ሁሉ የተማርሽው? ልጅ ሆነሽ እኮ በነፃ ነበር የምትደግሚው።»

እሺ፣ ትምህርቱ አለቀ። ትምህርት ማለቅና ፓምፑ ላይ ብቻን መቆም ግን ለየቅል ናቸው። ሆስፒታሉ ያለው ፐርፊዩዥኒስት አንድ ለእናቱ ነው፤ ጋሽ ቧንቧ ይባላሉ። የድሮ ሰርጅኖች «ቧንቧ ሠራተኛው» እያሉ ሲያሾፉባቸው እሳቸው ስሙን በደስታ ተቀበሉት፤ ሹፈቱም በዚያው ሞተ። ብልህ ሰው ናቸው። ወሬ አያበዙም። ሬዲዮን ሲያስለምዷት በየቀኑ የሚሏት አንድ ነገር ነበር፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ከዚህ ውጪ ጣታቸውን ወደ ማሽኑ ይጠቁማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በቃ። ጉልበታቸው ግን ደክሟል። ሙሉ ቀን ቆመው ሲውሉ ማታ ደረጃ የሚወርዱት እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ነው። በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ሬዲዮ ካልተካቻቸው ደግሞ ሆስፒታሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

ሰርጅኑ፣ ሁሉም «ዋናው» የሚሉት ሰው፣ ፓምፕ ክፍል ድረስ መጣ። እሷ እዚያው ቱቦ እየጠቀለለች ሳለች እንደሌለች ቆጥሮ ለጋሽ ቧንቧ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ነገ ብቻዋን ትያዘው። እርስዎ ከኋላ ይቁሙ፤ እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ካማረኝ ፓምፑ የሷ ነው። ካላማረኝ ከሌላ ቦታ የለመደ ሰው አስመጣለሁ፤ እሷም ወደ ዋርዷ ትመለሳለች።»

«እኔም እዚሁ ነኝ ዶክተር» አለች ሬዲዮ።

«ሰምቻለሁ» አለ ሳይዞር።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን ሲጸልይ ይውል ነበር። እሷ ግን የነገውን በሽተኛ ልታይ ወደ ዋርድ ሄደች። ቁመቱንና ክብደቱን ራሷ ማረጋገጥ ትፈልጋለች፤ ፓምፑ የሚገፋው የደም መጠን የሚሰላው ከዚያ ነውና። በሽተኛው ፀጉር አስተካካይ ነው። የልቡ በር አልዘጋ ብሎ ደረጃ መውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ የጎረቤቱን ጢም በዐይኑ እያስተካከለ ነበር።

«አንቺ ነሽ ልቤን የምትይዢው?» አላት።

«ልብዎን የሚይዘው ዶክተሩ ነው። እኔ እስኪመልስልዎት ድረስ ልብዎ ነኝ።»

ሰውየው አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ፈገግ አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ በሰው አንገት ላይ ምላጭ ይዤ ኖሬያለሁ። እጅህ ይንቀጠቀጣል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም፤ ጅሎች ናቸው። እኔ ግን እጠይቅሻለሁ።»

እጇን ዘረጋችለት። እንደ ባለሙያ አገላብጦ አየው።

«ምላጭ ያስይዛል» አለ፤ ተደግፎም ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ኦፕሬሽን ክፍሉ በረዶ ነው፤ እንደ ወትሮው። ሬዲዮ ማሽኑን አሰናድታ፣ ቱቦዎቹን በፈሳሽ ሞልታ፣ የአየር አረፋ ስታሳድድ ቆየች። ስራው ቀላል ይመስላል፤ ቱቦውን መታ መታ ማድረግ፣ አረፋው ሲወጣ ማየት፣ እንደገና መታ ማድረግ። ነገር ግን አንዲት የተደበቀች አረፋ አንጎል ከገባች ሰውየው ከሰመመኑ ሲነቃ የልጁን ስም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቸኩሎ መጨረስ ብሎ ነገር የለም። አረፋ እንዳይመለስ ወደ ሰውየው የሚሄደውን ቱቦ በክላምፕ ቆንጥጣ ዘጋችው። ክላምፕ ማለት መቀስ የሚመስል ግን የማይቆርጥ፣ የሚነክስ የብረት ዕቃ ነው። ጋሽ ቧንቧ ከኋላዋ ቆመዋል፤ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ።

ፀጉር አስተካካዩ ተኛ፤ ደረቱ ተከፈተ። የሰመመን ሐኪሟ ከበሽተኛው ራስጌ ሆና ደም እንዳያረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት ሰጠች። ሬዲዮ ደሙን ለካች።

«ደሙ አይረጋም፤ ዝግጁ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ ቀና ብላ አየቻት፤ ጋሽ ቧንቧ ይሄን ሲሉ ከሦስት ሜትር አይሰማም ነበር።

ዋናው የቱቦውን ጫፍ ትልቁ የደም ሥር ውስጥ አስገባ፤ አሰረው። «ሞክሪ» አለ።

ሙከራው ትንሽ ፈሳሽ ገፋ አድርጎ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ማየት ነው። ገፋ አደረገች። ቁጥሩ ተተኮሰ። ማሽኑ ጮኸ።

«ግፊቱ ጣራ ነክቷል፤ አቁሜያለሁ!»

ዋናው ጎንበስ አለ። ቱቦውን ነካ ነካ አደረገው፤ አዞረው። «አሁን?»

ደግማ ሞከረች። «ጣራ ነው፤ አቁሜያለሁ።»

አሁንም ጎንበስ አለ። ቱቦውን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋው፣ ወደ ጎን አዘነበለው፣ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። የሰመመን ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሳች። ነርሷ ልትሰጥ የያዘችውን መርፌ አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። በዚህ መሃል ከኋላ አንድ ሳል ተሰማ። ጋሽ ቧንቧ ናቸው። እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም፤ በአገጫቸው ብቻ ወደ ሬዲዮ ጉልበት አካባቢ ጠቆሙ።

ክላምፑ። እሷው ራሷ የዘጋችበት ክላምፕ፣ ቱቦውን ነክሶ ቁጭ ብሏል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ሰው የሚታየው። ቀስ ብሎ ክላምፑን አንስቶ «አሁን ተስተካክሏል» ማለት ይቻል ነበር፤ ማንም አላየም። እሷ ግን ያንን ተንኮል የሚያስብ ጭንቅላት እንኳ አልነበራትም።

«የኔ ክላምፕ ነው» አለች። «ሳላነሳው ነው የሞከርኩት። አሁን አንስቻለሁ።»

ዋናው ቀና ብሎ፣ «በሩን ራሱ ቆልፎ ቁልፍ ያለህ ብሎ መጮህ አሁን ገና አየሁ» አለ። ሳቁ። ነርሷም፣ የሰመመን ሐኪሟም፣ ረዳቱም ሳቁ፤ ከጭንቀት በኋላ የሚመጣ ሳቅ ጨካኝ ነው። ሬዲዮ ክው አለች። ፊቷ ከማስኩ በታች ነደደ፤ ዋርድ፣ ያ ረጅም ኮሪደር፣ የምግብ ጋሪው፣ የደም ግፊት መለኪያው፣ ሁሉም አንድ በአንድ ዐይኗ ላይ መጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

«በይ ሞክሪ» አለ ዋናው።

ሞከረች። ቁጥሩ ወጣ፤ ጣራ አልነካም፤ ግን መሆን ከሚገባው በላይ ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የሰውየው ልብ ገና እየመታ ነው። ቱቦው ከደም ሥሩ ጋር በደንብ ከተገናኘ ቁጥሩ ከልቡ ምት ጋር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። አይልም። ግትር ብሎ ቆሟል።

ክላምፕ ፈለገች። የለም። ቱቦውን ከማሽኑ እስከ አልጋው ድረስ በእጇ ዳበሰችው፤ አልታጠፈም፣ ማንም አልቆመበትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ምናልባት መደንገጥ ነው ብላ ቁጥሩን እንደገና አየችው። ቁጥሩ እዚያው ነው። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ዞረች።

ጋሽ ቧንቧ ጠጋ ብለው አዩላት። «ቀጭን ቱቦ ነው የመረጠው» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ያለው ቱቦ ጠባዩ ነው፤ ግፊት ያበዛል። ጀምሪ፣ ልጄ።»

«ፓምፕ፣ ጀምሪ» አለ ዋናውም ከወዲያ።

«ጀምሬያለሁ» ማለት ብቻ ነበረባት። አንዲት ቃል። መላ ኑሮዋን አፏ ቀድሟት የኖረች ልጅ ናት፤ አሁን አፏ ደረቀ። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ። አንዴ ሳቁባት፤ ደግማ ብታስቆማቸውና ምንም ባይሆን ነገ ጠዋት የምግብ ጋሪ ስትገፋ ነው የምትገኘው። ያስተማሯት ጋሽ ቧንቧ ራሳቸው ጀምሪ ብለዋታል። በሌላ በኩል ደግሞ የቱቦው ጫፍ የደም ሥሩን ግድግዳ ተደግፎ ከሆነና እሷ ሙሉ ኃይል ከሰጠችው፣ ደሙ ግድግዳውን በመሃል ሰንጥቆ ይገባል፤ የሸሚዝ ገበር ከላዩ ጨርቅ ሲላቀቅ አይታችሁ ከሆነ እንደዚያ። ከዚያ በኋላ ሰርጅን ቢሰለፍ፣ ልብስ ሰፊ ቢሰለፍ መልሶ የሚሰፋው የለም።

«አልጀመርኩም» አለች።

«ምን?»

«አልጀመርኩም ዶክተር። አልጀምርምም።»

ዋናው ቀና አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይቺን ቃል ማንም ብሎት አያውቅም። «ክላምፕሽን እዪ» አለ፤ ነርሷም ልትስቅ ከጅሏት ነበር።

«ክላምፕ የለም። ቱቦው አልታጠፈም። ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ ከልቡ ምት ጋር አይወዛወዝም። ቱቦው የት እንዳረፈ እስኪያዩልኝ ድረስ አልገፋም።»

«ጋሼ?» አለ ዋናው፣ በሷ ራስ ላይ አሻግሮ።

ጋሽ ቧንቧ ቁጥሩን ደግመው አዩ። «እኔ የቱቦው ጠባይ ነው ባይ ነኝ» አሉ።

አለቀላት ትላላችሁ። እሷ ግን አሁን ፍርሃቱ አለፈላት፤ ለምን ብትሉ፣ የሚታጣው ነገር ሁሉ ተዘርዝሮ ፊቷ ቆሟል፣ ከዚህ የባሰ አይመጣም። ድምፅዋ ተመለሰ።

«ዶክተር፣ ተሳስቼ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ዋርድ እሄዳለሁ፤ ሰው አይሸኘኝ። እርስዎ የሚያጡት አንድ ጊዜ ማየት ብቻ ነው። ትክክል ከሆንኩና ከገፋሁ ግን የሚጠፋው ሰውየው ነው።»

ከዚያ የሰመመን ሐኪሟ ሳትጠየቅ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ ራሷ ሳበች። መመልከቻው በበሽተኛው ጉሮሮ ወርዶ ከልቡ ኋላ ነው ያለው። እያዞረች ፈለገች። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ግድግዳው ላይ ነው» አለች የሰመመን ሐኪሟ። «ጫፉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ይኸው ይዩት።»

ዋናው አየ። እጁ ተለወጠ፤ ቅድም ይጣደፍ የነበረው እጅ አሁን የተኛ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው ሆነ። ቱቦውን ትንሽ ሳበ፣ አቅጣጫውን አስተካከለ፣ አሰረ። የሬዲዮ ቁጥር ወረደ። ከዚያ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።

«ይወዛወዛል» አለች።

«ጀምሪ።»

«ጀምሬያለሁ!» በሩ ውጪ የነበረችው ጽዳት ሠራተኛ ሳትሰማት አልቀረችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ስራ ነው፤ ስራውን ደግሞ ታውቃለች። የሰውየው ልብ ቆመ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተዘረጋ። ሳንባው አይነሳም፤ አይወድቅም። ጥቁር ቀይ ሆኖ የሚመጣው ደም ደማቅ ቀይ ሆኖ ይመለሳል። «ሙሉ ፍሰት ላይ ነኝ»፣ «ሙቀት እየቀነስኩ ነው»፣ «ደም ለካሁ፤ ጥሩ ነው» ትላለች። ዐይኗ ከደሙ መጠን ላይ አይነሳም። ሰውየው ቃል የገባችለትን አግኝቷል፤ በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ከሷ በስተቀር ልብ የለውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አላት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ የሆነች ሐሳብ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቱቦው መጀመሪያ ሲገባ የት ነበር? ደህና ቦታ ቢሆንስ? ዋናው ያዞረው፣ ወደ ውስጥ የገፋው፣ ያዘነበለው ለምንድን ነው? እሷ ጣራ ነካ ስላለች። ጣራ ለምን ነካ? ክላምፑን ስለረሳች። ያዳነችውን ሰው ገደል አፋፍ ያደረሰችው ራሷ ናት ማለት ነው። ይሄንን ዋጥ አድርጋ ፓምፗን ያዘች። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ በውስጧ ግን አዘነች፣ ተናደደች፣ ደግሞም አፈረች።

የልቡ በር ተሰፋ። ልቡ ተመልሶ መምታት ጀመረ፤ በመጀመሪያ እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ በኋላ ተስተካክሎ። «ቀንሺ»፣ «ቀንሻለሁ»፤ «አቁሚ»፣ «አቁሜያለሁ»። ፀጉር አስተካካዩ በገዛ ልቡ ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ተገፍቶ ሄደ።

ዋናው ያገኛት እጅ መታጠቢያው ጋ ነው። ጋሽ ቧንቧ አጠገቡ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«ክላምፕ ረስተሻል» አላት።

«ረስቻለሁ።»

«በረሳሽው ክላምፕ ምክንያት ደህና ቱቦ ነካካሁ።»

«አውቃለሁ። ፓምፑ ላይ ሆኜ ደርሼበታለሁ።»

ይሄን አልጠበቀም መሰለኝ፤ ውሃውን ዘጋ። «ስለዚህ አላመሰግንሽም» አለ።

«አያመስግኑኝ።»

እጁን ጠራርጎ ሲያበቃ ወደ ጋሽ ቧንቧ ዞረ። «ነገ ሌላ በሽተኛ አለን። ማን ነው ፓምፑ ላይ የሚቆመው?»

ጋሽ ቧንቧ ጉልበታቸውን ማሸታቸውን ቀጠሉ። ሬዲዮ ትንሽ ጠበቀች፤ ብዙ መጠበቅ ደግሞ አትችልም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ዋናው አያት። በእርግጥ ሲያያት ያ የመጀመሪያው ነው። «በጠዋት ግቢ» አለና ሄደ።

አይ ያ ደስታ! እናቷ ጋ ልትደውል ስልኳን አወጣች፤ ወንድሟ ጋ ልትደውል፤ ዋርድ ላሉት ሁሉ ልትደውል። ያን ጊዜ ነው የጋሽ ቧንቧን ፌስታል ያየችው። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ነው ያለው፤ የኦፕሬሽን ክፍል ጫማቸውን፣ ያንን ያረጀ የጎማ ጫማ፣ ከመደርደሪያው አውርደው ከተውበታል።

«ወሩ መች አለቀና ነው ጋሼ?»

«ተቀመጪ እስቲ።»

ተቀመጠች።

«ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ ነው የቆየሁት» አሉ። «እኔ ብሆን እጀምር ነበር።»

የሚቀልዱ መሰላት። ጋሽ ቧንቧ ግን ቀልድ አያውቁም።

«ላረጋጋሽ ብዬ ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ቁጥሩን አየሁት፤ የቱቦው ጠባይ ነው ብዬ አመንኩ። ሁለቴ ነው ያየሁት፣ ሁለቴም አመንኩ። ፓምፑ በኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው አሁን የለም።» ጉልበታቸውን ማሸት አቆሙ። «ሰው የሚያውቀው ሲበዛ ማየት ይተዋል። እኔ ዛሬ አላየሁም፤ አስታወስኩ። ስለዚህ ነገ አልመጣም። ጉልበቴ አይደለም የሚያስቀረኝ።»

ሬዲዮ ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። ቀኑን ሙሉ ከኋላዋ ግድግዳ አለ ብላ ነው የቆመችው፤ ለካ ግድግዳ አልነበረም፤ እንደሷ የሚሳሳት ሰው ነበር። ፍርሃቱ አሁን ተመለሰ፤ ኦፕሬሽን ክፍል ያለፈላት ፍርሃት አግዳሚ ወንበር ላይ መጣባት። እንባዋም መጣ፤ አልደበቀችውም። ሽማግሌው እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም ሳይናገሩ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው መሄድ ይችሉ ነበር።

«እኔ ደግሞ ክላምፕ ረሳሁ» አለች አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ረሳሽ።»

«ያንን ያየልኝ ማን ነው?»

ጋሽ ቧንቧ ቀና ብለው አዩዋት።

«እኔ ብቻዬን ብሆን ዋናው እስካሁን ቱቦ ሲያዞር ነበር። ቱቦውን እኔ አየሁ፣ ክላምፑን እርስዎ አዩ። ጋሼ፣ ነገ ይምጡ። ወሩ እስኪያልቅ ይምጡ። ከኋላዬ ቆመው ጀምሪ ይበሉኝ።»

«ተሳስቼስ?»

«እኔ እከራከርዎታለሁ። እኔን ያስቸግረኛል ብለው ነው መከራከር?»

የጋሽ ቧንቧ ትከሻ ተነቃነቀ፤ መሳቃቸው ነበር። «እሱስ አያስቸግርሽም» አሉ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ወለሉን አዩ። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዝም ሲል አብራ ዝም አለች።

በመጨረሻ ጋሽ ቧንቧ ትከሻዋን ተደግፈው ተነሱ። ፌስታላቸውን ፈቱ፤ ጫማቸውን አወጡና መደርደሪያው ላይ መለሱት።